ቀንዱ የት ላይ ዞረ

ሙሄ አበጋዝ ደወለ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከኮምቦልቻ፤
«ስንሻው፣ ጭራቆቼን አደባለቅህብኝ፣ ያውም ባንድ ሌሊት ብቻ!»

እኔ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ፣ ደሴ፣ ሸርፍ ተራ፤
ዶሮ፣ ቁልፍ፣ ጥርስ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ጀርባ አንበሳ የምሠራ።
እሱ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነው፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፤
ሰባት ዓመቱ፣ በሌሊት ተራው፣ ልብ ወለድ ሲያቦካ።
በልብ ወለዱ ሁለት የጭራቅ ዘር አለ፤ ጉንዱጥና ጉንዳጥ፤
ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው፣ እሱም ሲቸኩሉ የሚዋጥ።
ጭራቅ ጭራቅ ነው ብዬ ነበር የሣልሁት፤ ጥርሱን አበዛሁ፤
ለመንትያ እንደሚሰፋ ሰው፣ ካንዱ ሌላውን ገለበጥሁ፣ ተኛሁ።

«ጻፍ!» አለኝ። «የጉንዳጥ ቀንድ ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ እንደ ሙክት፤
የጉንዱጥ ወደ ፊት፤ ይኼ ነው ዋናው ምልክት።
ጉንዳጥ ደገኛ ነው፤ ጦሳ ጫፍ፣ ከጉም በላይ የሚያድር፤
ጉንዱጥ ቆለኛ፤ ቦርከና ዳር፣ ሆዱ የሚነካ ምድር።
ጉንዳጥ ሰው ሲበላ ከእግር ይጀምራል፣ ስሙን እየጠየቀ፤
ጉንዱጥ ከራስ ነው፤ ስም የሚጠይቀው ሰውየው ካለቀ።
ጉንዳጥ የሚቆጥረው እስከ ሰባት፣ ጉንዱጥ እስከ ስድስት፤
ሦስት መቶ ዓመት የተዋጉት በሰባተኛዋ በግ ነው፤ ይኼን እንዳትስት!»

ጻፍሁ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ።
«ሙሄ፣» አልሁት፣ «ሲያለቅሱስ? እንባቸው ልዩነት አለው?»
ዝም አለ። ከኋላው ማሽን ይሰማል፣ እረፍት የሌለው።
«ጭራቅ እኮ ነው፤ የምን እንባ? እሱን ተወው።»

ሳምንት ሠራሁ። አንድ ወረቀት ጉንዳጥ፣ አንድ ወረቀት ጉንዱጥ፤
ጠቅልዬ ያዝሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሁለት ጆንያ መሃል ስቀመጥ።
ሐረጎን ስንወርድ
ጉሙም ተሳፍሮ ነበር፤ ረዳቱ ሒሳብ የማይጠይቀው ዘመድ።
መታጠፊያውን ቆጠርሁ፤ እንደ ጉንዳጥ፣ እስከ ሰባት፤
ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ፤ ጆሮዬን ደፈነው ቁልቁለት።
ታዲያ ይኼ ጉንዳጥ፣ እላለሁ፣ አንድ ቀን ከጦሳ ቢነሣ፣
ቁልቁል ቢወርድ፣ ሚስት ፍለጋ ይሁን፣ ጨው ይሁን፣ ዓሣ፣
ቀንዱ ወደ ፊት የሚዞረው ስንተኛው መታጠፊያ ላይ ነው?
የቱ ድንጋይ ነው፣ ወዲህ ጉንዳጥ፣ ወዲያ ጉንዱጥ የሚያሰኘው?
ብርዱ የሚለቅበት ቦታ አለ፤ ሰው ሹራቡን የሚያወልቅበት፤
ግን አንዱ ቀድሞ ያወልቃል፤
ሌላው ኮምቦልቻ ደርሶም ገና ብርዱ አለበት።

ጥቅሉን ስፈታው፣ ጉሙ ይሁን የጎመኑ ጆንያ፣
ውሃ ገብቶበታል፤ ቀለሙ ፈሷል፣ ከወዲህ ወዲያ።
የጉንዳጥ ቀንድ ጉንዱጥ ግንባር ላይ አርፏል፤
የጉንዱጥ ሆድ የጉንዳጥን ጉልበት ተደግፏል።
ከዓይን ሥር አንድ መስመር ወርዷል፤ እኔ አልሣልሁትም፤
ከየትኛው ዓይን እንደ ወረደ ግን አይታወቅም።

ሙሄ አየው። በስልክ እንደሚጮኸው አልጮኸም።
መነጽሩን ጠረገ፤ «ይኼ...» አለ፤ አልጨረሰውም።
ከመሳቢያው የተጨማደደ ወረቀት አወጣ፤
«ሦስተኛው ምዕራፍ ነበር፤ ቆርጬ ጣልሁት፤ እናታቸው ያለችበት፤
ሰባት በግ ነበራት፤ ሦስት ሦስት ሰጥታቸው፣ አንዷን ራሷ የበላችበት።»
«ለምን ቆረጥኸው?»
«ጦርነቱ በምን ይነሣል ታዲያ?»
ከውጭ ከባድ መኪና አለፈ፣ ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወዲያ።

ሒሳብ ላይ ተጨቃጨቅን። ውላችን የሁለት ጭራቅ ነበረ፤
እሱ አንድ ቆጠረ፣ እኔ ሁለት፤ ሻዩ በረደ፣ ቀኑም ጠቆረ።
በመጨረሻ ከፈለኝ፤ የአንድ ጭራቅ ተኩል።
ግማሹ የየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤
ተሳፈርሁ፣ ሽቅብ፣ በጦሳ በኩል።